የኦዜላ ግራ እጅ

እዚህ ከሜምፊስ በታች፣ ዴልታ በምንለው የጥጥ አገር፣ ስለ ኦዜላ ሲወራ ሰው ሁሉ ከፍርድ ቤቱ ቀን ነው የሚጀምረው። እኔ ከዚያ ከጀመርኩ ደሜ ይፈላና ወሬውን ሳልጨርስ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ። በዚያ ላይ ጥፋቱ ውስጥ የእኔም ምላስ አለበት። ስለዚህ ከአጎቷ ልጀምር።

አጎቷ ሳይላስ የጥጥ እርሻ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ፣ ሲቆጡ ግን ጎረቤት የሚያስደነግጡ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ዓሣ ጠብሶ የሚሸጠው ክሊቭ ግቢ ውስጥ፣ አምባዛ ከሚጠበስበት ትልቅ ድስት አጠገብ ተቀምጠው፣ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን በመስኮት በተጎተተ ሽቦ ሰክተው ይጫወታሉ። ፍጥነት የላቸውም። አንዲት ድምፅ ይይዙና ያርገበግቧታል፤ ያኔ ዓሣ የሚያኝከው ሰው ማኘኩን ያቆማል። ኦዜላ የፈለገችው ያንን ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔም እኩያዋና የግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ፤ እሷ የሄደችበት ሁሉ እኔ ቨርኒስም አለሁ።

«እስቲ አሳዪኝ» አሏት አንድ ቀን ጊታሩን እየሰጧት።

ክሩን ተጫነችና ጣቷን ቶሎ ቶሎ ነቀነቀችው።

«ምን ሆነሽ ነው? በርዶሻል?»

«ኧረ አልበረደኝም አጎቴ።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ይሄ ማርገብገብ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ፍርሃትሽን ቤት አስቀምጠሽ ነይ።»

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አጎት ሳይላስ ዞር ብለው «አንቺ ደግሞ ጥርስሽን ሰብስቢ፣ የጠራሽ የለም» አሉኝ።

ከዚያ ግራ እጇን ያዙና የሌባ ጣቷን ሥር የጊታሩ አንገት የታችኛው ጠርዝ ላይ አስደገፉት። ማጠፊያው እዚህ ጋ ነው አሏት፤ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር እጅሽም እዚህች ቦታ ላይ ተደግፎ ይዙር። ጣት ዝም ይበል፣ የሚሠራው አንጓው ነው። ክሩ ወጣ ይላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ደግሞ ወጣ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«ደግሞ አትቸኩዪ» አሏት። «መጀመሪያ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሰው ሲጣራ መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ድምፁ የሚሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ስሙን ሳትጠሪ ነው የምታለቅሽው።»

ያን ክረምት በሙሉ አንዲት ድምፅ ብቻ ተጫወተች። አንዲት! እናቷ ራሷን በሻሽ አስራ «ሳይላስ፣ ወይ ሌላ ዜማ አስተምራት ወይ እኔን ቅበረኝ» እስክትል ድረስ። አጎት ሳይላስ አልሰሙም። ጭራሽ በመሐረባቸው ዓይኗን አሰሩት። «እጅሽን አትዪ። ዓይን ጣትን መምራት ከጀመረ ጨዋታው አለቀ። ጣትሽ ራሱ ይወቀው» ይሏታል። ሁለተኛው ሕጋቸው ይብሳል፦ «በአፍሽ የፈለግሽውን ዋሺ፣ ጌታ ይቅር ይልሻል። በክር ከዋሸሽ ግን እኔ አልምርሽም። ያልተሰማሽን እንደተሰማሽ፣ የምትችዪውን እንደማትችዪ አድርገሽ እንዳትጫወቺ።»

ሦስት ዓመት ፈጀባት። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ክሊቭ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ድምፅ ይዛ አቆመቻትና ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አርገበገበቻት። አጎት ሳይላስ ሹካቸውን አስቀመጡ። ሲሞቱም ጊታሩን ለእሷ ተዉላት።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ጥጡ በማሽን ሲለቀም ሥራ የፈታነውን ሴቶች ሁሉ የአምባዛ ፋብሪካው ሰበሰበን። ጎማ ሽርጥ፣ ጎማ ቦቲ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ መቆም፣ በእጅ ቢላዋ። ኦዜላ ግራኝ ናት። ጊታሩን ግን የአጎቷ ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው ነው የያዘችው። እንግዲህ አስቡት፤ ቢላዋውን የሚይዘውም ክሩን የሚያርገበግበውም ያው አንድ ግራ እጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን የአምባዛ ሥጋ ከአጥንቱ ገፈፍን። ዓሣው በሚንቀሳቀስ የጎማ ቀበቶ ላይ ይመጣል። አለቃው ሰዓት ይዞ ከኋላችን ይቆምና ጎማውን ያፈጥነዋል፤ ስንለምደው ደግሞ ያፈጥነዋል። ልጆቻችንን የዳርን ሴቶች ሽንት ቤት ለመሄድ እንደ ተማሪ እጅ እናወጣ ነበር። ይሄን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ ይጋጫል።

በዘጠነኛው ዓመት የኦዜላ እጅ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ስትነሳ ነበር፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ። ብርጭቆ ይዛ እያወራች ብርጭቆው ይወድቃል፤ መውደቁን የምታውቀው ሲሰበር ሰምታ ነው። የፋብሪካው ነርስ ዘንድ ሄደች።

ነርሷ እጇን እንኳ አልነካችም። «ጊታር ትጫወቻለሽ አሉ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«እሱ ነው። እሱን ተዪና ይሻልሻል» ብላ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥታ ሸኘቻት።

አያችሁ? በሳምንት አምስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቢላዋ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ጊታር፤ ጥፋተኛው ጊታሩ ሆነ። አለቃውም እሱኑ ደገመ። ፋብሪካው የጻፈው ደብዳቤም እሱኑ ደገመ። ግሪንውድ ከተማ ያለው ሐኪም ግን እጇን አገላብጦ፣ በመርፌ ጫፍ ነካክቶ ሲያበቃ፣ አንጓዋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ በሥራ ብዛት ታንቋል አላት። ተከፍቶ መለቀቅ አለበት፣ ያውም ቶሎ። ነርቩ ከሞተ አይነሳም። ቀዶ ጥገናውን ፋብሪካው ማሠራት ነበረበት፤ አላሠራም አለ። ጉዳዩ ዳኛ ፊት ይቅረብ ተባለና ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደራረበ ወራቱ ሄዱ። እጅ ቀጠሮ የሚጠብቅ ይመስል።

ኦዜላ በእነዚያ ወራት ምን እንዳደረገች ላውጋችሁ። ማርገብገብን እንደገና ከሀ ጀመረችው። ጣቷ ክሩን ስለማያውቀው እየተንሸራተተ ድምፁን ይጥልባታል። ስለዚህ አንጓዋን ትታ ከክርኗ አንቀሳቀሰችው። ዝግ አደረገችው፣ ሰፊም አደረገችው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅነቷ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዛ ትውላለች። እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

«ቨርኒስ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ክሩ እኮ የለም። ከጣቴ ሥር ምንም የለም። ድምፁ የት እንደደረሰ የምሰማው በጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ለክርኔ ይነግረዋል።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ አማረ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ደንቆሮ ሰው ጮክ ብሎ አይደል የሚያወራው?»

እውነቷን ነው፣ አምሮ ነበር። ክሊቭ ግቢ ውስጥ ያንን ዝግ ያለ ማርገብገብ የሰማ ሰው ዓይኑን ይጠርጋል። እሷ ግን ቤቷ ስትገባ እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ትሳደባለች። በክር አልዋሸችም፤ ክሩ ላይ ያለቀሰችው የምር ነበር።

አሁን ወደ ምላሴ ልምጣ። እኛ ሰፈር ልማድ አለ። እርስ በርሳችን የገዛ ተጫዋቻችንን አናመሰግንም፣ እንሰድባለን። «ኦዜላ፣ ያ ክር ምን በደለሽ? ልቀቂውና ቤቱ ይግባ!» ይላል ክሊቭ ከድስቱ አጠገብ። «አንተ መጀመሪያ ዓሣውን ከማሳረር ተመለስ!» ትለዋለች። ስድቡ ከበዛ በጣም ጥሩ ተጫውታለች ማለት ነው። ለባዕድ ግን አንሰድብም፤ ለባዕድ ሰማይ ድረስ ከፍ አድርገን ነው የምናወራው። ሌላ የምንኮራበት ምን አለን?

አንድ ቅዳሜ ኮፍያ ያደረገ ነጭ ሰውዬ መጣ። ትሑት ነው። ዓሣ ገዛ፣ ነጭ ዳቦውን ቃሪያ መረቅ እያጠቀሰ በላ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጎበዝ ናት አይደል?» አለኝ።

«ጎበዝ? ከዚህ እስከ ሜምፊስ ብትሄድ እንደሷ የሚያርገበግብ አታገኝም።»

«እጇን አሟታል ሲሉ የሰማሁ መስሎኝ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አጠያየቁ እኛን ያሳነሰን መሰለኝና ኩራቴ ቀደመኝ። «እጇን? የእሷ እጅ እንደ ዘንድሮ ደህና ሆኖ አያውቅም!» አልኩት። ሳቀ፣ አመሰገነኝ፣ ስሜንም ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ አጻጻፉን ሳይቀር ነገርኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቃሌ የተነበበው በጥር፣ ፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ማሞቂያው በሚያጓራበት ክፍል ውስጥ ነው። ከፋብሪካው አሥራ ሁለት ሴቶች ፈቃድ ተከልክለን እንኳ ሄደን ነበር። የፋብሪካው ጠበቃ ሚስተር ሃርግሮቭ፣ ፋብሪካው የላከው ያ ባለ ኮፍያ ሰውዬ የጻፈውን ወረቀት አነሳና «ቨርኒስ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ እንዳለችው፣ እጇ እንደ ዘንድሮ ደህና ሆኖ አያውቅም» ብሎ አነበበ። ኦዜላ ዞር ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተከፈተችም።

ሃርግሮቭ በዚህ አላበቃም። ከጠረጴዛው ሥር ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛውን ጊታርና ትንሽ ድምፅ ማጉያ አወጣ። «ክቡር ዳኛ፣ እዚሁ ትጫወትልን። ጣቱ የደነዘዘ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይችልም» አለ። የኦዜላ ጠበቃ፣ ከጃክሰን የመጣች ልጅ እግር ሴት፣ ተነስታ ተቃወመች። ዳኛው ሽበታም፣ የሰለቻቸው የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። «ፈቃደኛ ከሆነች ትጫወት፤ ካልፈለገች አትገደድም» አሉ።

«አትጫወቺ» አለቻት ጠበቃዋ።

«የምትደብቂው ከሌለ ምን ያስፈራሻል?» አላት ሃርግሮቭ። እሷ ከእርሱ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እርሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንቺ ነው የሚላት።

ኦዜላ ብድግ አለች። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ ስትቆጣ ጸጥ ትላለች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሷን ያዝኩ። «አበላሺው» አልኳት በሹክሹክታ። «ስለ ጌታ ብለሽ አበላሺው። ማን ያውቅብሻል?»

«አጎቴ» አለችኝና ቀሚሷን ከእጄ አስለቀቀች።

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። አንዲት ድምፅ መታችና አቆመቻት፣ ጠበቀች። የማሞቂያው ጉርምርምታ እንኳ የራቀ መሰለን። ከዚያ ማርገብገብ ጀመረች፤ ዝግ ብሎ፣ ሰፋ ብሎ፣ ከክርኗ፣ የሌባ ጣቷን ሥር እንደተማረችው ጠርዙ ላይ አስደግፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያፈጠኑባትን ጎማ፣ ኪኒኑን፣ ደብዳቤውን፣ የእኔንም ምላስ እዚያች አንዲት ድምፅ ውስጥ ከተተቻቸው። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሃርግሮቭ ወደ ዳኛው እያየ ፈገግ አለ። እኔም በልቤ ራሷን በገዛ እጇ ቀበረች አልኩ።

ቀጥላ ሌላ ድምፅ ያዘች፤ ሌላም። ፈገግታው ከሃርግሮቭ ፊት ላይ ሲጠፋ አየሁና ወደሚያይበት አየሁ።

በጊታሩ አንገት ላይ ደም ይወርድ ነበር። ከሌባ ጣቷ ሥር ተነስቶ፣ በመዳፏ በኩል ወደ አንጓዋ፣ ከአንጓዋ ወደ እጅጌዋ። ነጭ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዟን ነው የለበሰችው። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታርገበግባለች፤ እጇ በዞረ ቁጥር ደሙ ይጨምራል። እንዴት አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም? እኔስ?

በመጨረሻ ዳኛው ናቸው የተናገሩት። «ይቁም! እመቤት፣ እየደሙ ነው!»

ኦዜላ ዓይኗን ገለጠች። ጉልበቷን አየች፣ ቀኝ እጇን አየች።

«የት?» አለች።

ያቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም። ሐኪሙ አምስት ገጽ የጻፈው በአንዲት ቃል አለቀ።

ሃርግሮቭ ቶሎ ብሎ «ሆን ብላ ነው የቆረጠችው!» አለ። ዳኛው ከመቀመጫቸው ወርደው ጊታሩን ተቀበሉና አውራ ጣታቸውን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ገና ከመጎተታቸው «ውይ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጊታሩ ዓመታት ምድጃ አጠገብ ተሰቅሎ የከረመ ኖሯል። እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር፣ አንገቱ ላይ የተሰደሩት የብረት ዘንጎች ጫፋቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥቷል። ጤነኛ ጣት ያለው ተጫዋች አንድ ጊዜ አዙሮ ይጥለዋል። ማጠፊያው ያ ጠርዝ ነው፤ እሷ ስታዞር የነበረው እዚያ መጋዝ ላይ ነው።

ዳኛው ጊታሩን ወደ ሃርግሮቭ ዘረጉለት። «እስቲ አንተም ሞክረው።»

ሃርግሮቭ እጁን ኪሱ ከተተ።

ፈረዱላት። ውሳኔው ተጽፎ እስኪወጣ ሌላ ወር፣ ፋብሪካው ይግባኝ እል ይሆናል ሲል ሌላ ወር፤ ሐኪሙ አንጓዋን የከፈተው ቶሎ መከፈት አለበት ካለ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አውራ ጣቷና የመሐል ጣቷ ቀስ በቀስ ነቁ። ሌባ ጣቷ አልነቃም። «ያኔውኑ ቢሆን ኖሮ» አለ ሐኪሙ፣ ጫማውን እያየ። ያኔውኑ ቢሆን ኖሮ! ያንን ለነርሷ ንገራት፣ ለአለቃው ንገረው፣ ለእኛ ምን ይረባናል? ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል። ጎማውም ይዞራል።

ይቅርታ ልጠይቃት የሄድኩት ስፌቷ ከወጣ በኋላ ነው። ደጃፏ ላይ ቆሜ ምላሴን እረግማለሁ፤ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ለእጇ እንዲህ ያለው ሥራ ጥሩ ነው ተብላለች።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «ለነገሩ አመሰገንሽኝ እንጂ አልሰደብሽኝም።»

«ኦዜላ፣ እኔ እኮ...»

«ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አጠገቤ ነበርሽ። አንድ ቀን ጎበዝ ነሽ ብለሽኝ አታውቂም። ለሰላዩ ግን ነገርሽው፤ ያውም ከነስምሽ። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።»

ሽንኩርቱን ተቀብያት ከተፍኩ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊቭ ግቢ ትጫወታለች። ክሊቭ «ልቀቂው፣ ቤቱ ይግባ!» ይላል፤ እኔ ግን አልሰድባትም። ጮክ ብዬ «ጎበዝ!» እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እንደ እብድ ያየኛል፣ ይየኝ። ድምፁ ያው ነው፤ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይርገበገባል፤ ሰውም ማኘኩን ያቆማል።

ዓይኗን ግን አትጨፍንም። በመሐረብ ታስራ በጨለማ የተማረችውን ነገር፣ አሁን አንገቷን ደፍታ ጣቷን እያየች ነው የምትጫወተው፣ እንዳይደማ።